ከመድረክ የሚወርደው ባንድ

የሎስ አንጀለሱ ኦዞማትሊ ኮንሰርቱን የሚጨርሰው ከመድረክ ወርዶ ነው። ምሽቱ ሲገባደድ ሙዚቀኞቹ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሁሉ እዚያው ይተዉታል፤ ከበሮ፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ይዘው ደረጃውን ይወርዳሉ፤ ባቱካዳ የሚባለውን የብራዚል የከበሮ ምት እየመቱ ከሕዝቡ መሐል ይገባሉ። ተመልካች የነበረው ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተከታይ ይሆናል፤ አዳራሹም ሠርግ ቤት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2004 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ፣ በሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ፣ ይኸው ልማድ ሰልፉን ከክለቡ በር አውጥቶ አስፋልት ላይ አደረሰው። ፖሊስ የከተማዋ የድምፅ ደንብ ተጥሷል አለ፤ ግርግር ተነሣ፤ ሁለት የባንዱ አባላትና ሥራ አስኪያጃቸው ታሰሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የአንድ ሌሊት ረብሻ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለእኔ ግን ከ1995 ጀምሮ የዘለቀው የዚህ ባንድ ጉዞ ምሥጢር ያለው እዚያች በር ላይ ነው። የባንድን ዕድሜ በአልበም፣ በሽልማትና በገበያ መለካት ለምደናል። በዚያ ሚዛን ኦዞማትሊን የመዘነ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም፤ ሁለት ግራሚ አለው፣ አገር ያጥለቀለቀ ነጠላ ዜማ ግን የለውም። ለሠራተኞች መብት ሲጮህ ተነሥቶ የአሜሪካ መንግሥት የባህል አምባሳደር ሆነ፤ ከተቃውሞ ሰልፍ ተነሥቶ የልጆች መዝሙር ሠራ። በሌላ ሚዛን፣ ማለትም ሰው በሚሰበስብበት ቦታ ከለካነው፣ ይህ ሁሉ የተዘበራረቀ መንገድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይገኛል።

ባንዱ የተፈጠረው በ1995 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት ዓመታት ሳያዩ እርሱን መረዳት አይቻልም። በ1992 ጥቁሩን ሮድኒ ኪንግን የደበደቡት ፖሊሶች ነጻ ሲለቀቁ ሎስ አንጀለስ ጋየች፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኖቬምበር 1994 የካሊፎርኒያ መራጮች ፕሮፖዚሽን 187 የተባለውን ሕግ አጸደቁ፤ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች ልጆቻቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳያስተምሩ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀርም በመንግሥት ሆስፒታል እንዳይታከሙ የሚከለክል ነበር። ኋላ ፍርድ ቤት አገደው፤ በከተማዋ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጆች ላይ የጣለው ፍርሃትና ቁጣ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚነሣ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በደቡብ ሜክሲኮ፣ በቺያፓስ፣ የዛፓቲስታ አማፂዎች ተነሥተው ነበር። እንግዲህ በዚህ አየር ውስጥ ነው በአንድ የወጣቶች ሥራ ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆች የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የተነሡት። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ዊል ዶግ ኤበርስ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ጠቡ ሥራ ወደ ማቆምና ሕንጻ ወደ መያዝ አደረሰ፤ በድርድሩ መጨረሻ ሕንጻውን ለተወሰነ ጊዜ የማኅበረሰብ ማዕከል አድርገው እንዲጠቀሙበት ተፈቀደላቸው። የሰላምና ፍትሕ ማዕከል አሉት። ማዕከል ደግሞ ወጪ አለው፤ ወጪውን ለመሸፈን ሰው መጥራት፣ ሰው ለመጥራት ሙዚቃ ያስፈልጋል። ባንዱ የመጣው እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ከዛፓቲስቶቹ መሪ የተወሰደ ነበር፣ “ሁላችንም ማርኮስ ነን” የሚል። ኋላ በናዋትል ቋንቋ ኦዞማትሊ ተባለ፤ በአዝቴኮች የቀን መቁጠሪያ የዝንጀሮ ምልክት ያለበት፣ ከጭፈራና ከጥበብ ጋር የሚያያዝ ቀን ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ ቤቱ ቀደመ፣ የተሰበሰበው ሰው ተከተለ፣ ባንዱ መጨረሻ መጣ። ብዙ ባንዶች ዘፈን ሠርተው አድማጭ ፍለጋ ይወጣሉ። ኦዞማትሊ አድማጩ ቀድሞ ተሰብስቦ ጠበቀው፤ ዘፈኑን ለዚያ ሕዝብ ልክ ሰፋለት።

ይህ አመጣጥ የሙዚቃውን ቅይጥነትም ያስረዳል። ኦዞማትሊ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚባለው ሳልሳን፣ ኩምቢያን፣ ፈንክን፣ ሬጌን፣ ሳምባንና ሂፕ ሆፕን ይቀላቅላል ነው። አባባሉ እውነት ሆኖ ሳለ ብዙም አይነግረንም፤ መቀላቀሉ እንዴት እንደሚቻል አይነካምና። የፈንክ ሙዚቃ ክብደቱን የሚጥለው “አንድ” በሚባለው ምት ላይ ነው፤ ቤዙም ድራሙም እዚያች ላይ አብረው ይወድቃሉ። የሳልሳ ቤዝ ግን ያችኑ ምት አብዛኛውን ጊዜ ይዘላታል፤ ቀድሞ ይደርስና እርሷ ስትመጣ ዝም ይላል፤ ዳንሰኛውን የሚመራው ክላቬ የሚባለው ባለ አምስት ምት ቁልፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማዳበል ሁለት ቀለም እንደ መቀላቀል የቀለለ አይደለም፤ አንዱ የሚረግጥበት ላይ ሌላው እግሩን ያነሣል። ኦዞማትሊ ያገኘው ማስታረቂያ ኩምቢያ ነው። ከኮሎምቢያ የካሪብያን ጠረፍ ተነሥቶ በመላው ላቲን አሜሪካ የተሰራጨው ኩምቢያ ረጋ ብሎ የሚራመድ ነው፤ ቤዙ “አንድ”ን ይረግጣታል፤ ላዩ ላይ የሚፋተገው ጉዋቻራካ የተባለ መሣሪያ ደግሞ የላቲኑን ጣዕም ሳያቋርጥ ይይዛል። በ1998ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ያለው “ኩምቢያ ዴ ሎስ ሙዌርቶስ” ራፕን የተሸከመው ያለ ጭንቀት ነው፤ ኩምቢያው ለራፐሩ የሚቆምበት መሬት ስለሚሰጠው። በሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ቤተሰብ ዘንድ ኩምቢያ የሠርግና የክርስትና ድግስ ምት መሆኑን ስንጨምርበት ምርጫው የጆሮ ብቻ እንዳልነበረ ይገባናል። አያቶች የሚያውቁት እርምጃ ነው፤ ልጆቹ የሚያውቁት ራፕ በላዩ ተቀመጠ፤ ሁለቱም ትውልድ በአንድ ወለል ላይ መደነስ ቻለ።

ሙዚቀኞቹም ከዚያው ወለል የመጡ ናቸው። ራውል ፓቼኮ ጊታር፣ አስድሩ ሲዬራ ትራምፔት፣ ኡሊሴስ ቤላ ሳክስፎን ይዘዋል፤ የጃፓን ዝርያ ያለው ጂሮ ያማጉቺ ከላቲን ከበሮዎች ጎን የሕንዱን ታብላ ይመታል፤ ጀስቲን ፖሬ ከበሮውን ከራፕ ያዳብላል። መጀመሪያ ላይ ዲጄው ከት ኬሚስትና ራፐሩ ቻሊ ቱናም ነበሩ፤ ሁለቱም ጁራሲክ ፋይቭ ከሚባለው የሂፕ ሆፕ ቡድን ናቸው። ከተማዋም ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አልነበረችም። ሪቺ ቫሌንስ “ላ ባምባ”ን በ1958 በሮክ ምት ሲዘፍን፣ ዋር የተባለው ባንድ በ1975 “ሎው ራይደር”ን ሲያወጣ፣ ሎስ ሎቦስ ከምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ሲነሣ መንገዱ ተጠርጎ ነበር። የአማርኛ አንባቢም ለዚህ ድምፅ ባዕድ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 በኒውዮርክ ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር “አፍሮ ላቲን ሶል” የተሰኙትን ሁለት አልበሞች የሠሩት ባለ አምስት ድምፁን የአገራችንን ቅኝት በላቲን ከበሮ ላይ በማስቀመጥ ነው፤ ኢትዮ ጃዝን ስንሰማ የምናገኘው ኮንጋ ከዚያ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ከሁሉ የሚቀምስ ባንድ አንዱንም አይጠግብም ይባላል፤ ሳልሳውን የሳልሳ ሰው ሲሰማው ይሳሳበታል፣ ራፑን የራፕ ሰው ሲሰማው ይቀጥንበታል። ከፊሉ እውነት ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ኤዲ ፓልሚዬሪ በ2004ቱ “ስትሪት ሳይንዝ” አልበም ላይ በእንግድነት ሲገባ የሚሰማው ጥልቀት የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ ኦዞማትሊ ብቻውን ሲጫወት እዚያ አይደርስም። ነገር ግን ተቃውሞው ሙዚቃው የሚዳኝበትን ቦታ ሳያነሣ ያልፋል። ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን ለሚቀመጥ ሰው ሲቀርብ ጥልቀቱ በመስመር ወደ ታች ይለካል፤ አምስት ዓይነት ቤተሰብ ለሞላበት አዳራሽ ሲቀርብ ግን ስፋቱም ሥራ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንዱን ወገን እያስጨፈሩ ሌላውን ሳያስቀምጡ ሁለት ሰዓት ማቆየት የራሱ ሙያ አለው፤ ምቱን ሳይሰብሩ ከኩምቢያ ወደ ሬጌ መሻገር፣ የትንፋሹ ክፍል ጎላ ሲል ራፐሩን ማሳረፍ፣ ወለሉ ሲደክም ታብላውን ማምጣት። ይህን ሙያ ዲስክ ላይ ማየት ያስቸግራል፤ ባንዱም በዲስክ ሲመዘን የሚጎዳው በዚሁ ነው።

የአሳታሚ ኩባንያዎቹ ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። የመጀመሪያውን አልበም ያሳተመው አልሞ ሳውንድስ ነበር፤ ኸርብ አልፐርትና ጄሪ ሞስ ኤ ኤንድ ኤም የተባለውን አሳታሚያቸውን ከሸጡ በኋላ ያቋቋሙት ትንሽ ቤት። አልበሙ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቤቱ እንደ ነጻ አሳታሚ ሥራውን አቆመ፤ ኦዞማትሊ በሙዚቃ ኢንዱስትሪው ውህደት ማዕበል ተገፍቶ ግዙፉ ኢንተርስኮፕ ዘንድ ደረሰ። በዚያ የወጣው ሁለተኛ አልበም “ኢምብሬስ ዘ ኬኦስ” ገበያ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነው። ያን ቀን አዲስ ዘፈን የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ግን አልበሙ በላቲን ሮክና አልተርናቲቭ ዘርፍ ግራሚ አገኘ። ከዚያ ባንዱ ወደ ኮንኮርድ ተሻገረ፤ “ስትሪት ሳይንዝ”ን ሠራ፤ በ2005 በዚያው ዘርፍ ግራሚውን ደገመው። ይህ አልበም፣ በእኔ ፍርድ፣ በቀረጻ የደረሱበት ከፍተኛው ነው። የሞሮኮው ግናዋ ሙዚቀኛ ሐሰን ሐክሙን፣ የሎስ ሎቦሱ ዴቪድ ሂዳልጎ፣ ከፕራግ የመጡ ቫዮሊኖች ሁሉ አሉበት፤ አሜሪካ ኢራቅን በወረረች ማግስት የሰሜን አፍሪካን ድምፅ ወደ ላቲን ዳንስ ማስገባት በራሱ ንግግር ነበር። ኋላ የመጡት፣ በተለይ የ2010ሩ “ፋየር አዌይ”፣ የተወለወሉ ናቸው፤ ውልወላው ግን የከበሮውን ሻካራነት ወስዶታል። ለሬዲዮ የሚስማማ ሦስት ደቂቃ ለመሥራት የተደረገው ጥረት ይሰማል፤ ሬዲዮውም አልመጣም።

ሦስት ኩባንያ በስድስት ዓመት ውስጥ፣ ሁለት ግራሚ፣ አንድም ትልቅ ሂት የለም። እንዲህ ያለ ታሪክ አብዛኞቹን ባንዶች ይበትናል፣ ትልልቆቹን ደግሞ ቀድሞ። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ኩባንያ ለቀረጻ ያወጣውን ገንዘብ ከሙዚቀኞቹ ድርሻ ላይ እስኪመልስ ድረስ ይቆርጣል፤ የተረፈው ለአራት ሰው ቢያንስ ለአሥር ሰው ምን ሊሆን ነው? አሥር ሰው አሥር አልጋ፣ አሥር የአውሮፕላን ትኬት ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ሙሉ የትንፋሽ ክፍል የነበራቸው ባንዶች እንዴት በአንድ ኪቦርድ እንደተተኩ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ሒሳብ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ኦዞማትሊም ከኪሳራው አላመለጠም፤ ከት ኬሚስትና ቻሊ ቱና ወደ ራሳቸው ቡድን ሄዱ፣ ሌሎችም ወጡ። ዋናዎቹ ስድስት ግን፣ ኤበርስ፣ ፓቼኮ፣ ሲዬራ፣ ቤላ፣ ያማጉቺና ፖሬ፣ ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ ጸኑ። ያጸናቸው መድረክ ነው። ከሳንታና ጋር ዞሩ፤ የፐንክ ሮክ ልጆች በሚሰበሰቡበት ዋርፕድ ቱር ላይም ተጫወቱ፤ በጎዳና ድግስ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በሠራተኞች ሰልፍ ተገኙ። የሚፈልጋቸው ሰው ብዛት በአንድ ቦታ ትልቅ ላይሆን ይችላል፤ የሚፈልጋቸው የቦታ ዓይነት ግን ማለቂያ አልነበረውም፤ ቅይጡ ሙዚቃ በገበያው መደርደሪያ ላይ ቦታ ቢያሳጣቸውም በድግሱ ዓለም በር ሁሉ ከፈተላቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ኦገስት 2000 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ በሎስ አንጀለስ ስቴፕልስ ሴንተር ሲካሄድ፣ ከአዳራሹ ውጭ በተቃዋሚዎች መድረክ የሮክ ባንዱ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽንና ኦዞማትሊ ተሰልፈው ነበር፤ ፖሊስ ትርኢቱን አስቁሞ ሕዝቡን በጎማ ጥይት በተነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይኸው ባንድ፣ የኢራቅን ጦርነት በአደባባይ እየተቃወመ፣ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወጪ በባህል አምባሳደርነት ወደ ኔፓል፣ ዮርዳኖስ፣ ቱኒዚያ፣ ማዳጋስካርና ሞንጎሊያ ተጓዘ፤ በ2009 በወታደራዊ መንግሥት ሥር በነበረችው ማይናማር ሳይቀር ተጫወተ። ይህ መሸጥ ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውን በንቀት ማለፍ አይገባም። ጦርነት የሚያደርግ መንግሥት ተቃዋሚውን ሙዚቀኛ በውጭ አገር ሲያሳይ፣ ተቃውሞውን ራሱን ለገጽታው ማስዋቢያ ያደርገዋል፤ እኛ ዘንድ ተቃዋሚ እንኳ ይዘፍናል እያለ። የባንዱ ጥሩ ልብ ይህን ጥቅም አያጠፋውም።

ታሪኩ ግን ከኦዞማትሊ ይቀድማል። አሜሪካ የጃዝ ሙዚቀኞቿን በይፋ መላክ የጀመረችው በ1956 በዲዚ ጊሌስፒ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ሙዚቀኛ ውጭ አገር እየወከላት በአገሩ ደቡብ ግን ከነጭ ጎን አይቀመጥም ነበር። ሉዊ አርምስትሮንግ በ1957 የሊትል ሮክ ጥቁር ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲታገዱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሊያደርገው የታሰበውን ጉዞ ተወ። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ሲቀበል፣ የላከው ይኸው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ የዚያን ጊዜው ግንኙነት ለሙላቱ አስታጥቄና ለአዲስ አበባ ሙዚቀኞች የሰጠው ነገር ግን በዋሽንግተን ዓላማ ልክ የሚሰፈር አይደለም። ላኪው የራሱን ሒሳብ ይዞ ይልካል፤ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ግን የላኪው አይደለም። ኦዞማትሊ በነዚህ ጉዞዎች ከትልልቁ ኮንሰርት ጎን ከአገሬው ሙዚቀኞችና ከልጆች ጋር የከበሮ ልምምድ ያደርግ ነበር፤ ማለትም በሎስ አንጀለሱ ማዕከል የጀመረውን ሥራ ይሠራ ነበር። ይህ መልስ ሙሉ አይደለም። አርምስትሮንግ እንዳደረገው “አሁንስ አልሄድም” የሚባልበት ቀን አለ፤ ባንዱ ያን ቀን አላወጀም፤ ቢያውጅ ኖሮ ለእርሱ ያለኝ አክብሮት ይበልጥ ነበር። ይሁንና ከድንበር ማዶ ያለ ልጅ እጅ ላይ ከበሮ ማስቀመጥን ከመሸጥ ጋር አንድ አድርጎ ማየት አልችልም።

የቀሩት ተቃውሞዎች ከዚህ የቀለሉ ናቸው። በ2010 የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ኤፕሪል 23ን የኦዞማትሊ ቀን ብሎ ሰየመ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ፖሊሷ መድረኩን ያስቆመባት ከተማ። በ2012 “ኦዞኪድስ” የተሰኘ የልጆች አልበም ወጣ፤ በ2017 ደግሞ የታወቁ የሜክሲኮ ዘፈኖችን በጃማይካዎቹ ስላይ እና ሮቢ አቀናባሪነት በሬጌ ምት መልሰው ሠሩ። እነዚህን የመርገብ ምልክት አድርጎ የሚያይ ሰው ባንዱን እንደ ሮክ ኮከብ ጠብቆት ነው፤ ሮክ ኮከብ በወጣትነቱ ይነዳል፣ ሲያረጅ ይደግማል። ለድግስ የተሠራ ባንድ ግን ከድግሱ ጋር ያረጃል። በ1995 ማዕከሉ ውስጥ የጨፈረችው ልጅ በ2012 እናት ናት፤ ልጇን ይዛ ስትመጣ ባንዱ የሚያቀርበው ነገር ሊኖረው ይገባል። የ2017ቱም ሥራ ያንኑ የ1998ቱን ኩምቢያ ምክንያት ይከተላል፤ አያት የሚያውቁትን ዜማ የልጅ ልጅ በሚያውቀው ምት ማቅረብ።

ይህ ክርክር ራሱን የሚፈትንበት አንድ ቦታ አለ። የባንዱ ሕይወት መሰብሰብ ከሆነ፣ መሰብሰብ ሲከለከል ሕይወቱ መቆም ነበረበት። በ2020 ኮቪድ መድረኩን ሁሉ ዘጋ፤ በየቤቱ ለብቻው ኮምፒውተር ላይ የሚቀርጽ ሙዚቀኛ ሥራውን ቀጠለ፤ በላብ በተጠመቀ ሕዝብ መሐል ከበሮ ይዞ የሚገባ ባንድ ግን የሚገባበት ሕዝብ አልነበረውም። ከ2017 በኋላ አዲስ አልበም ለመስማት አምስት ዓመት መጠበቅ ያስፈለገው ከፊሉ በዚህ ነው። አልበሙ በ2022 ሲመጣ ስሙ “ማርቺንግ ኦን” ሆነ፣ ሰልፉ ይቀጥላል እንደማለት። አዳራሾቹ ሲከፈቱም ስድስቱ ሰዎች እንደ ድሮው የኤሌክትሪኩን መሣሪያ መድረክ ላይ ትተው፣ ከበሯቸውን አንግተው ደረጃውን ወረዱ።